ማሳቅ የተፈቀደላት የትኛዋ ሴት ናት?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 እና በ1933 የአሜሪካ ሲኒማ ቤት ባለቤቶች ትኬት በማሸጥ ማን አንደኛ እንደሆነ ሲጠየቁ የሰጡት ስም የማሪ ድሬስለርን ነበር። (ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ድሬስለር ያን ጊዜ ስልሳ ዓመት አልፏታል። ሰውነቷ ግዙፍ፣ ፊቷ ሰፊና የተጨማደደ ነው። እነ ግሬታ ጋርቦ በውበታቸው ዓለምን ባስደመሙበት ዘመን ሕዝቡ ከማንም በፊት የተሰለፈው እሷን ለማየት ነው። ይህችው ሴት በ1914 ከመጀመሪያዎቹ ረጃጅም የኮሜዲ ፊልሞች በአንዱ መሪ ተዋናይ ሆና ስትሠራ፣ ገንዘቧን ለመብላት የሚያሽኮረምማትን አጭበርባሪ የተጫወተው ገና ስሙ በመታወቅ ላይ የነበረው ቻርሊ ቻፕሊን ነበር።

ዛሬ አንድ ደራሲ ፕሮዲውሰር ፊት ቀርቦ «ዋና ገጸ ባሕሪዬ ስልሳ ዓመት ያለፋት ወፍራም ሴት ናት፤ ፊልሙም ኮሜዲ ነው» ቢል በሎስ አንጀለስም ሆነ በአዲስ አበባ የሚጠብቀውን መልስ መገመት አያዳግትም። እሷን እናትየዋ አድርጋትና ለመሪነት ቆንጆ ልጅ ፈልግ ይባላል። ስለዚህ የሴቶች አቀራረብ በኮሜዲ ፊልሞች ውስጥ ትናንት ከፍቶ ዛሬ እየተሻሻለ እንደመጣ የሚተርከው የተለመደ ታሪክ ቶሎ አይዋጥልኝም። የተከፈተ በር አለ፤ ተከፍቶ ቆይቶ የተዘጋም አለ።

በጉዳዩ ላይ የሚቀርበው ትችት አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው ስድቡ ላይ ነው። ነዝናዛ ሚስት፣ ገንዘብ ወዳድ ፍቅረኛ፣ ወሬኛ ጎረቤት፣ ክፉ አማት፤ ሁሉም ሴቶች ናቸው፣ ሁሉም ይሳቅባቸዋል። ትችቱ ልክ ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ያያል። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ሙገሳው ነው። በብዙ ኮሜዲዎች ውስጥ አንዲት የተከበረች ሴት አለች። ቆንጆ ናት፣ አስተዋይ ናት፣ ታጋሽ ናት፤ ወንዱ ሲያብድ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። ምንም ጥፋት አታጠፋም፤ ስለዚህም ምንም አትሠራም። ኮሜዲ የሚንቀሳቀሰው ግን በጥፋት ነው። የሚዋሽ፣ ከአቅሙ በላይ የሚመኝ፣ በገዛ ተንኮሉ የሚጠለፍ ሰው ከሌለ ታሪኩ አይነሣም፤ ተመልካቹም ከልቡ የሚወደው ያንን ሰው ነው። ፍጽምናውን ለሴቷ ሰጥቶ ጥፋቱን ለወንዱ ማስቀረት አክብሮት ይመስላል። በተግባር ግን ፊልሙን ከእጇ መንጠቅ ነው።

በመሆኑም አንድ ኮሜዲ ስመለከት ሴቷ ጥሩ ሆና ቀርባለች ወይስ መጥፎ ከማለት ይልቅ፣ ቀልዱን ማን ወረወረው፣ ማን ላይ አረፈ፣ ዕዳውንስ ማን ከፈለ ብዬ መጠየቅ ይቀለኛል። የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ለዚህ ከካተሪን ሄፕበርን የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። በ1938 በወጣው «ብሪንጊንግ አፕ ቤቢ» የተጫወተቻት ሱዛን ሀብታም፣ ለፍላፊና ከፈለገችው ነገር ማንም የማይመልሳት ወጣት ናት። ኬሪ ግራንት ደግሞ የዳይኖሰር አፅም በመገጣጠም ዓመታት የገፋ ዓይን አፋር ተመራማሪ ነው። ሱዛን የጎልፍ ኳሱን የራሷ መስሏት ትመታበታለች፣ መኪናውን ወስዳ ትጋጭበታለች፣ «ቤቢ» የተባለ ለማዳ ነብር ታሸክመዋለች፣ እንዳያመልጣት ልብሱን ታስወስድበታለች። ምሁሩ የሴት የቤት ልብስ ለብሶ በር ሲከፍት ከአክስቷ ጋር ይፋጠጣል። በመጨረሻም ያ ሁሉ ዓመት የተለፋበት አፅም በእሷ ምክንያት ተንኮታኩቶ ይወድቃል። ዕዳውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚከፍለው ወንዱ ነው። ፊልሙ ሱዛንን አይቀጣትም፤ ከስህተቷ ተምራ የተሻለች ሴት እንድትሆንም አይጠብቅባትም።

ፊልሙ በጊዜው የተጠበቀውን ያህል ገበያ አላገኘም። በዚያው ዓመት የግል ሲኒማ ቤት ባለቤቶች ማኅበር ባወጣው ማስታወቂያ ሄፕበርን «የትኬት መሸጫ መርዝ» ከተባሉት ተዋንያን ተርታ ተመደበች። ከፊልም ኩባንያው ጋር የነበራትን ውል በገንዘብ አፍርሳ ወጣች፤ ወደ ብሮድዌይ ተመልሳም ፊሊፕ ባሪ ለእሷ ብሎ የጻፈውን ተውኔት በ1939 ተጫወተች። የተውኔቱን የፊልም መብት አስቀድማ በእጇ አድርጋ ነበር፤ ይህ ትልቅ ብልሃት ነው። በ1940 ያ ተውኔት «ዘ ፊላደልፊያ ስቶሪ» የተባለ ፊልም ሆነ፣ ገበያው ደራ፣ ሄፕበርን ዳግመኛ ተነሣች።

ግን የፊልሙን መክፈቻ ልብ በሉ። አንድም ቃል የለበትም። ባልና ሚስት ተጣልተዋል፤ ባልየው ዕቃውን ይዞ ይወጣል። ሚስቲቱ ተከትላው የጎልፍ ዱላውን በጉልበቷ ትሰብረዋለች። እሱ ተመልሶ ይመጣል፣ ሊመታት ቡጢውን ይሰነዝራል፣ ከዚያ ሐሳቡን ለውጦ መዳፉን ፊቷ ላይ አድርጎ ይገፈትራታል፤ በጀርባዋ ትወድቃለች። ባልየው ያው ኬሪ ግራንት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የሴት ልብስ አስለብሳ ያዋረደችውን ሰው እጅ ተመልካቹ ፊቷ ላይ ሲያርፍ አየና ሳቀ። ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜ ደግሞ የቀድሞ ባሏም አባቷም እየተፈራረቁ ልበ ደረቅ እንደሆነች፣ እንደ ጣዖት ከፍ ብላ መቀመጥ እንደምትወድ፣ የሰው ድካም እንደማይገባት ይነግሯታል። ትሰክራለች፣ ትሳሳታለች፣ ትለዝባለች፣ ይቅር ይባልላታል።

ይህን ፊልም እወደዋለሁ፤ ንግግሩ የተሳለ ነው፣ ሄፕበርንም ድንቅ ናት። ግን ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ሳያቸው ሁለት ዓይነት አወዳደቅ እንዳለ ይታየኛል። ሱዛን የምትወድቀው እየሮጠች ስለሆነ ነው። በሁለተኛው ፊልም ያለችው ሴት የምትወድቀው መውደቅ ይገባታል ተብሎ ስለተፈረደ ነው። ለሄፕበርን ገበያ የከፈተላት ሁለተኛው ነው። መብቱን አስቀድማ በእጇ ማድረጓ ተመልካቹ የኩሩዋን ሴት ውድቀት ለማየት እንደሚከፍል አስቀድማ እንደገባት ያሳያል።

ለዚያ ዘመን ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ የ1930ዎቹ የአሜሪካ ኮሜዲ በአንድ ነገር ከኛ ዘመን ይበልጣል፤ ሴቷ አፍ ነበራት። ምክንያቱ ደግሞ አስገራሚ ነው፤ ሳንሱር ነው። በ1933 ሜይ ዌስት ንግግሮቿን ራሷ እየጻፈች፣ ወንዶችን እንደ ዕቃ እያማረጠች የሠራቻቸው ፊልሞች ገንዘብ ሲያፍሱ የሃይማኖት ማኅበራት ተነሡ። በ1930 ተጽፎ ብዙም ሳይሠራበት የቆየው የፊልም ሥነ ምግባር ደንብ በ1934 አጋማሽ በአስፈጻሚው በጆሴፍ ብሪን እጅ ጥርስ አወጣ። ዌስት ልሳኗ ተዘጋ። ሌሎቹ ደራስያን ግን መላ ዘየዱ። አልጋ ማሳየት ከተከለከለ ፍቅሩ በምላስ ይሁን አሉ። ወንዱና ሴቷ በነገር እየተወጋጉ፣ አንዱ የሌላውን ዓረፍተ ነገር እየነጠቀ፣ ከመኝታ ቤት ይልቅ በአውቶቡስና በጋዜጣ ዝግጅት ክፍል የሚዋደዱበት የኮሜዲ ዘር አበበ። ለዚህ ጨዋታ ሁለት እኩል ተወዳዳሪዎች ያስፈልጉ ነበር። ዝም የምትል ቆንጆ አታዋጣም።

የዘውጉ በኩር የሚባለው «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት» ደንቡ ከመጥበቁ ጥቂት ወራት አስቀድሞ የወጣ ነው። እዚያ ውስጥ ክላርክ ጌብል መንገድ ዳር ቆሞ መኪና በአውራ ጣት እንዴት እንደሚቆም ለክሎዴት ኮልበርት ትምህርት ይሰጣል፤ ስልቶቹን ሁሉ እየዘረዘረ። መኪኖቹ እያለፉት ይሄዳሉ። እሷ ቀሚሷን ከፍ አድርጋ እግሯን ስታሳይ የመጀመሪያው መኪና ፍሬን ይይዛል። ሴቷ ያሸነፈችው በአካሏ ነው ብለው የሚከሷት አሉ፤ ክሱ መሠረት የለውም ማለት አልችልም። እኔ የማየው ግን ሳቁ የት እንዳረፈ ነው፤ ያረፈው አስተማሪው ላይ ነው።

በ1940 ደግሞ ሃዋርድ ሆክስ ሁለት ወንድ ጋዜጠኞች የሚጣሉበትን የ1928 ተውኔት ሲቀርጽ አንደኛውን ሴት አደረጋት። «ሂዝ ገርል ፍራይደይ» እንዲህ ተወለደ። ሂልዲ ጆንሰን የምትባለው ዘጋቢ የተለወጠው ጾታዋ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ሙያዋ፣ ፍጥነቷ፣ ዜና ሲሸታት ሁሉን ጥላ መሮጧ እንዳለ ቀረ። ተዋናይዋ ሮዛሊንድ ራስል ግን ጥሩ ጥሩዎቹ ንግግሮች ለኬሪ ግራንት እንደተሰጡ ስታይ በራሷ ገንዘብ ጸሐፊ ቀጥራ የራሷን መልሶች ማስጻፏን በሕይወት ታሪኳ ተናግራለች። ዛሬ በእኩልነቱ የሚደነቀው ያ የንግግር ፍልሚያ እኩል የሆነው ሴትየዋ ከኪሷ ስለከፈለች ነው።

ቀጥሎ የመጡት አሥርት ዓመታት ቶሎ ሊታለፉ ይችላሉ። ከጦርነቱ በኋላ አፈ ጮሌዋ ሴት ቦታዋን ለየዋህ ቆንጆ ለቀቀች፤ ማሪሊን ሞንሮ ያንን ሚና በውስጡ ሆና እያላገጠችበት ብትጫወተውም። አስቂኝ ሴቶች በብዛት ወደ ቴሌቪዥን ሄዱ። በሲኒማ ደግሞ አንድ የማይሞት ዘዴ ነገሠ፤ ወንድን የሴት ልብስ ማልበስ። ቢሊ ዋይልደር በ1959 በሠራው «ሰም ላይክ ኢት ሆት» ሁለት ወንዶች በተረከዝ ጫማ እየተንገዳገዱ ባቡር ላይ ሲወጡ፣ ቀጥሎም አሳንሰር ውስጥ የሽማግሌ እጅ በአንደኛው ላይ ሲያርፍ ሳቁም ትዝብቱም አብረው ይመጣሉ። በ1982 በ«ቱትሲ» ደስቲን ሆፍማን ሥራ ለማግኘት ሴት ይሆንና በመጨረሻ ከሴቶቹ ሁሉ የበለጠ ደፋር ሴት ይወጣዋል። ፊልሙ ብልህ ነው፤ ግን አንድ ነገር ይጎረብጣል። ለአለቃዋ የሚገባውን መልስ የምትሰጠውን ሴት ለማየት መጀመሪያ ወንድ መሆን ነበረባት።

ይህ ዘዴ በአገራችን ረጅም ሥር አለው። ዘመናዊ ቲያትር ሲጀመር የሴቶቹን ሚና ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች ናቸው። ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር እነ ሰላማዊት ገብረ ሥላሴና አስናቀች ወርቁን የመሳሰሉ ቀደምቶች ያን አጥር የጣሱት ብዙ ስድብ ችለው ነው። አጥሩ ከፈረሰ ስንት ዘመን ሆነው። ሆኖም በበዓል የቴሌቪዥን ዝግጅት ሻሽ አስሮና ነጠላ አጣፍቶ «እናንተዬ» እያለ የሚገባ ወንድ ኮሜዲያን ዛሬም እርግጠኛ ሳቅ ያገኛል። ሱሪ ለብሳ የገባች ሴት ኮሜዲያን በልብሷ ብቻ ማንንም አታስቅም። ከላይ ወደ ታች መውረድ ያስቃል፤ ከታች ወደ ላይ መውጣት አያስቅም። ልብሱ የሚያስቀው የማዕረግ መሰላሉ በሁሉም ሰው ጭንቅላት ውስጥ ስላለ ነው።

አሁን ወደ 2007 ልዝለል። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ጸሐፊው ክሪስቶፈር ሂችንስ በ«ቫኒቲ ፌር» መጽሔት ሴቶች ለምን እንደማያስቁ የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጣ። ክርክሩ በአጭሩ፣ ወንድ ሴትን ለመማረክ ማሳቅ ግድ ይለዋል፣ ሴቷ ግን ያለዚያም ስለምትፈለግ ጥበቡን አላዳበረችውም የሚል ነው። የኢትዮጵያን ሠርግ ቤት አይቶ የሚያውቅ ሰው ይህን አይጽፍም ነበር፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። በዚያው ዓመት ክረምት ጀድ አፓታው ያዘጋጀው «ኖክድ አፕ» ወጣ። ሥራ የሌለው፣ ቀኑን ከጓደኞቹ ጋር በማጨስና በመሳቅ የሚያሳልፍ ወጣት የቴሌቪዥን ባለሙያ የሆነች ሴት በአንድ ምሽት ያስረግዛል። እሷ ትጨነቃለች፣ ታቅዳለች፣ ትቆጣለች። እሱና ጓደኞቹ ይጫወታሉ። ፊልሙ ላይ መሪ የነበረችው ካትሪን ሃይግል ትንሽ ቆይታ ለዚያው መጽሔት ስትናገር፣ ፊልሙ በመጠኑ ሴቶችን የሚያሳንስ እንደሆነ፣ ሴቶቹን ቀልድ የማያውቁ ነዝናዞች፣ ወንዶቹን ደግሞ ተወዳጅና ተጫዋች አድርጎ እንዳቀረበ ገለጸች። የደረሰባት ወቀሳ ቀላል አልነበረም። ምስጋና ቢስ ተባለች፤ ከእሷ ጋር መሥራት አስቸጋሪ ነው የሚለው ወሬም ለዓመታት ተከተላት። ፊልሙ ውስጥ ስለ ሴቶች የተባለው በአካል ተረጋገጠባት ማለት ነው። ቀልድ አታውቅም!

ሃይግል የተናገረችው ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ ፊልሙ ራሱ የሚያውቀው ነገር አለ። የሃይግል እህት ሆና የምትጫወተው ሌስሊ ማን ባሏ እየተደበቀ የት እንደሚሄድ ተከትላ ስትደርስበት የምታገኘው ሌላ ሴት ሳይሆን ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ለምናባዊ የቤዝቦል ውድድር ተጫዋቾች ሲመርጥ ነው። ከእሷ ለመሸሽ ነው የዋሻት፤ ይህ ከሌላ ሴት በላይ ያማታል። በኋላም ጭፈራ ቤት በር ላይ «ዕድሜሽ አልፏል» በሚል ዓይነት ስትመለስ በዘበኛው ላይ የምታወርደው የቁጣ ናዳ የፊልሙ ምርጥ ሳቅ ነው፤ ምርጥ ሐዘንም ነው። ለጥቂት ደቂቃ ቀልዱን ሴቷ ወረወረችው። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ወደ ወንዶቹ ተመለሰ።

ከአራት ዓመት በኋላ ያው አፓታው ፕሮዲውሰር ሆኖ «ብራይድስሜይድስ» ወጣ። ጸሐፊዎቹ ክሪስተን ዊግና አኒ ሙሞሎ ናቸው፤ ያዘጋጀው ፖል ፊግ ነው። በ32 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ ከ280 ሚሊዮን በላይ አስገባ፤ ለድርሰቱና ለሜሊሳ ማካርቲ የትወና ሥራ ሁለት የኦስካር ዕጩነት አገኘ። ስለዚህ ፊልም ሲወራ ሁሉም የሚያነሣው በምግብ የተመረዙት ሚዜዎች በውድ የሙሽራ ልብስ መደብር ውስጥ የሚሆኑትን ነው። ሴቶችም እንደ ወንዶች ነውር የሌለበት አስጸያፊ ቀልድ መሥራት ይችላሉ ተባለ። የሚገርመው ያን ትዕይንት ያስገቡት አዘጋጁና ፕሮዲውሰሩ እንጂ ጸሐፊዎቹ አልነበሩም። ለእኔ የፊልሙ ልብ ሌላ ቦታ ነው። ዊግ የምትጫወታት አኒ የኬክ መጋገሪያዋ በኢኮኖሚ ቀውሱ ተዘግቶባታል። አንድ ቀን ወጥ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ሆና አንዲት ትንሽ ኬክ ትጋግራለች፤ በአበባ፣ በቅጠል፣ በጥንቃቄ ታስጌጣታለች። ታያታለች። ከዚያ ትበላታለች። ይህን የጻፈ ሰው ሴትን ስለማክበር እያሰበ አልነበረም፤ ስለ አንዲት የከሰረች ሰው እያሰበ ነበር። አኒ ትቀናለች፣ ትዋሻለች፣ የጓደኛዋን ድግስ ታበላሻለች፣ አውሮፕላን ውስጥ ሰክራ ታሳፍራለች። ጥፋቱ የእሷ ነው፤ ፊልሙም ስለዚህ የእሷ ነው።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የ2023ቱ «ባርቢ» እንግዳ ነገር ነው። በግሬታ ገርዊግ ተዘጋጅቶ ከ1.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ ስለ ሴቶች የቆመ ፊልም ተብሎ ተወድሷል፣ ተወግዟልም። ከሲኒማ ቤት ሲወጣ ሰው ሁሉ የማንን ቀልድ እየደገመ ነበር? የኬንን። ራያን ጎስሊንግ የተጫወተው ኬን ቀናተኛ፣ ደደብ፣ ትኩረት የተራበ ነው፤ የወንዶች አገዛዝ ማለት ፈረስ መስሎት የሚሳሳትም እሱ ነው። ባርቢ ታለቅሳለች፣ ታድጋለች፣ ትረዳለች። ሌላዋ ሴት አሜሪካ ፌሬራ ስለ ሴት ልጅ ጫና ልብ የሚነካ ንግግር ታደርጋለች። ሴቶቹ ንግግሩን፣ ወንዱ ሳቁን ተካፈሉ። የኦስካር ዕጩዎች ሲታወቁ ጎስሊንግና ፌሬራ በረዳት ተዋናይነት ተመረጡ፤ መሪዋ ማርጎ ሮቢ በመሪ ተዋናይነት፣ ገርዊግም በአዘጋጅነት ሳይመረጡ ቀሩ። ብዙ ሰው ተናደደ። ሮቢ የተሰጣት ሚና ግን ከቀልዱ ይልቅ ትምህርቱን የሚሸከም ነበር፤ ትምህርት ደግሞ በኮሜዲ ውስጥ አያደምቅም።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ መሪዋ ሴት ነው። ማሳቅ ያልተከለከለች ሌላ ሴት ሁልጊዜም ነበረች፤ ሠራተኛዋ። በ1930ዎቹ የሆሊውድ ኮሜዲዎች ነጯ ሴት በነገር ስትራቀቅ ትሪ ይዛ የምትገባው ጥቁር ሴት ይሳቅባት ነበር። ሃቲ ማክዳንኤል በዚህ ሚና ስንትና ስንት ጊዜ ታይታለች። በ1940 የመጀመሪያዋ ጥቁር የኦስካር ተሸላሚ በሆነችበት ምሽት እንኳ አዳራሹ ውስጥ ለብቻው በተዘጋጀ ጠረጴዛ ነው የተቀመጠችው። ግን በ1935 የተሠራው «አሊስ አዳምስ» ውስጥ አንድ ነገር ማድረግ ችላለች። ድሃ ሆኖ ሀብታም ለመምሰል የሚንጠራራ ቤተሰብ ለአንድ እራት ይቀጥራታል። ሌሊቱ ይሞቃል፣ ምግቡ ከባድ ነው፤ እሷ ቆቧ ተንጋዶ፣ ማስቲካ እያላመጠች፣ ምንም ሳይደንቃት ታስተናግዳለች። ጸሐፊው ያሰበው በእሷ እንዲሳቅ ይሆናል። በማክዳንኤል ፊት ላይ ያለው መሰላቸት ግን ሳቁን አዙሮ የቤተሰቡ ጉራ ላይ ያሳርፈዋል።

አማርኛ የፍቅር ኮሜዲ የሚያውቅ አንባቢ ይህችን ሴት በሌላ ስም ያውቃታል። ልጁ ድሃ ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር በኪራይ ቤት ይኖራል፤ ሀብታም መስሎ ይቀርባል። ልጅቷ ቪላ ውስጥ ታድራለች ወይም ከአሜሪካ መጥታለች፤ ታምራለች፣ ትታለላለች፣ ታኮርፋለች፣ ይቅር ትላለች። ሳቁን የሚሸከሙት ኪራይ የሚጠይቁት እትዬ፣ አፏ የማያርፍ ጓደኛ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከገጠር የመጣችው የቤት ሠራተኛ ናቸው። አነጋገሯ ያስቃል። ማይክሮዌቭ ስትከፍት መደንገጧ ያስቃል። የእንግሊዝኛ ቃል አጣማ መጥራቷ ያስቃል። ቀልዱ ሁሉ ባለማወቋ ላይ የተሠራ ነው፤ የቤቱን ወጥ፣ የቤቱን ልጆች፣ የቤቱን ምሥጢር ሁሉ የምታውቀው ግን እሷ ናት። ሞልየር በ1664 «ታርቱፍ»ን ሲጽፍ በዚያ ቤት ውስጥ አስመሳዩን መጀመሪያ ለይታ የምታውቀውን፣ ጌታዋንም ፊት ለፊት የምትሸረድደውን ሰው ሠራተኛዋን ዶሪንን አደረገ። የኛ ሠራተኛ ይህን ሚና ለምን አታገኝም? ስልክ መያዝ አታውቅም ተብላ ፊልም ውስጥ የሚሳቅባት ልጅ፣ እህቷ ቤይሩት ወይም ጅዳ ሆና በወራት ውስጥ ባወቀችው ዓረብኛ ስለ ደመወዟ ትከራከራለች። ያ ክርክር ውስጥ ያለውን ቀልድ ሲኒማችን ገና አልነካውም።

እዚህ ላይ የሚያበሽቀኝ ነገር አለ። ሴት በአደባባይ ማሳቋ ለባህላችን አዲስ ነገር አይደለም። በአዝማሪ ቤት ሴቷ አዝማሪ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረች፣ የእንግዳውን ከረባትና የኪሱን ክብደት በግጥም እየመዘነች፣ ሚስቱ ፊት ስታሳጣው አዳራሹ ያጨበጭብላታል፤ የተሰደበው ሰው ራሱ ገንዘብ ግንባሯ ላይ ይለጥፋል። በሠርግ ሴቶቹ የወንዱን ወገን፣ ሚዜዎቹን ሳይቀር፣ በዘፈን ያብጠለጥላሉ። በቡና ላይ የሚወረወረውን አሽሙር ደግሞ የሰማ ያውቀዋል። ይህ ሁሉ ለዛ ካሜራ ፊት ሲደርስ የት እንደሚገባ አይታወቅም። አንዱ መልስ ጽሑፉን የሚይዘው ማን ነው የሚለው ነው። አዜብ ወርቁና ቅድስት ይልማ ከጸሐፊዎቹ መካከል በሆኑበት «እረኛዬ» የቴሌቪዥን ድራማ የገጠሯ ልጅ ቋንቋ መሳቂያ አልሆነም፤ ተመልካቹ የወደደው ቋንቋውን ነው። ግን ያ ድራማ ነው። በአገራችን ሴት ደራስያንና አዘጋጆች ስም ያተረፉት ይበልጡን ቁም ነገር ባዘሉ ሥራዎች ነው፤ ኮሜዲው በአመዛኙ የወንዶች ሰፈር ሆኖ ቀርቷል።

ምክንያቱን ሳስብ የምመለሰው ወደ መውደቅ ነው፤ በዚህ ጊዜ ከካሜራው ጀርባ። ኮሜዲ ከፊልም ዘሮች ሁሉ ውድቀቱ የሚሰማበት ነው፤ ካልሳቁ አልሳቁም። ስለዚህ ኮሜዲ የሚሠራ ሰው ደጋግሞ የመክሸፍ ዕድል ያስፈልገዋል። ኢሌን ሜይ በ1971 «ኤ ኒው ሊፍ»ን ጽፋ፣ አዘጋጅታ፣ ራሷም ተጫወተችበት። ለገንዘቧ ሲል ሊገድላት ያገባት ሰው በጫጉላቸው ምሽት አንገቷን በእጅጌው ቀዳዳ አስገብታ የለበሰችውን የሌሊት ልብስ ሊያስተካክልላት ይታገላል፤ ረጅም፣ የተረጋጋ፣ እስከ ዛሬ አቻ ያላየሁለት ትዕይንት ነው። ኩባንያው ፊልሙን ቆራርጦ አወጣባት፤ ስሟ እንዲነሣ ብትከስም አልተሳካላትም። በ1982 «ቱትሲ»ን ካሻሻሉት ብዕሮች አንዱ የእሷ ነበር፤ ስሟ ግን አልተጻፈም። በ1987 ዋረን ቤቲና ደስቲን ሆፍማን የተጫወቱበትን «ኢሽታር»ን አዘጋጀች። ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት ወደ 14 ሚሊዮን ገደማ ብቻ አስገባ። ማይክል ቺሚኖ በ1980 ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ከ4 ሚሊዮን በታች ያስገባ ፊልም ሠርቶ፣ አንድ ትልቅ ኩባንያ ለሽያጭ ዳርጎ፣ ከዚያ በኋላ ሌሎች አራት ፊልሞችን አዘጋጅቷል። ሜይ ከ«ኢሽታር» ወዲህ አንድም የሲኒማ ልቦለድ ፊልም አላዘጋጀችም። በ1996 እና በ1998 የወጡ ሁለት ኮሜዲዎችን ጽፋለች፤ በሁለተኛው የኦስካር ዕጩ ሆናለች። ሁለቱንም ያዘጋጀው የድሮ የመድረክ ባልደረባዋ ማይክ ኒኮልስ ነው።